የተላገው ጉብታ

የመለኪያ ክፍሉን ሰውዬ በስሙ የሚጠራው መታወቂያው ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ «ጨምርበት» ነው የሚለው። አንድ ወሬ በጆሮው ገብቶ በአፉ ሲወጣ ሁለት ቀንድና አንድ ጅራት አብቅሎ ነውና። በክፍሉ ስስ ሚዛን ትንኝ መዝኖ፣ ትንኟም ክብደቷን ስታነብ ደንግጣ ለሦስት ቀን ሰው መንከስ እንዳቆመች ምሎ ተገዝቶ ይናገራል። ድሮ የሠራበት ቦታ አንድ ግድግዳ ነበር አሉ፤ ከውፍረቱ የተነሳ በወዲህ በኩል «እንደምን አደርክ» ያለ ሰው፣ ከወዲያ በኩል «ደህና» የሚለው መልስ ሲደርሰው ጡረታ ወጥቶ ነበር። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሯል። ወድቀህ ነው ወይ ሲሉት፣ የወደቀው ትምህርት ቤቱ ነው፣ እኔ አላለፍኩም እንጂ መች ወደቅሁ ይላል።

እንዲህ ያለውን ሰው ቁጥር ላይ ማን አስቀመጠው የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጨምርበት ካሊፐር የሚሉትን መለኪያ ሲጨብጥ ምላሱ ይታሰራል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚያ ጠረጴዛ አንዲት የውሸት ቁጥር ወጥታ አታውቅም። ይህም ዝም ብሎ የመጣ አመል አይደለም። እህቱ ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ትታለት ነበር። ልጅቱን እንጀራ እናት ሳያመጣባት፣ ፀጉሯን እየጎነጎነ፣ በተረት እያጠገበ አሳደጋት። አሥር ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ ከምትነግረኝ ሁሉ የቱን ልመን አለችው። ጨምርበት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል መለሰ፤ ለክቼ የነገርኩሽን እመኚ አላት። ከዚያ ወዲህ የጫማዋ ቁጥርም ይሁን የትኩሳቷ ልክ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ካለ ሠላሳ ዘጠኝ ነው።

ልጅቱ አደገች፤ የሞገድን ትምህርት እስከ ጫፍ ተማረች፤ ዞራ ዞራ አጎቷ ያለበት ፋብሪካ ገባችና ከሱ ክፍል በላይ ባለው ፎቅ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። ከሌላ ቦታ የመጣ ቁጥር ሲሰጧት እንደ ገበያ እንቁላል እያገላበጠች በብርሃን ታየዋለች። የአጎቷን ግን ሳታይ ትጽፈዋለች። ፋብሪካው ውስጥ ጨምርበትን የሚያምን አንድ ሰው ቢኖር እሷ ነበረች፤ እሱም ከዚህ ሌላ ሀብት የለውም።

ፋብሪካው የጭነት መኪና ራዳር ይሠራል። በጭጋግ ውስጥ ከፊት ያለውን ቀድሞ አይቶ ሹፌሩን ፍሬን ያዝ የሚል ዓይን ነው። ዓይኑ ላይ ጠጠርና ጭቃ እንዳይነካው የፕላስቲክ ሽፋን አለ። ሽፋኑ ለሰው ጥቁር ሳህን ነው። ለሞገድ ግን የመሥሪያ ቤት ዘበኛ ነው፤ ሰው እያየ ነው የሚያስገባው። አንዱን ሞገድ «እለፍ ጌታዬ» ይለዋል፤ ከዚያ ፈጠን ብሎ የሚርገበገበውን ወንበር ሰጥቶ ያዘገየዋል፤ ከዚያም የባሰውን ጭልጥ አድርጎ ይጠጣዋል። የፕላስቲኩ አምራች በወረቀት ጽፎ የላከው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፣ በአንድ ድግግሞሽ፣ ማለትም በአንድ የመርገብገብ ፍጥነት የተለካ። ይህ ማለት አንድን ሰው ሰኞ ጠዋት ለአምስት ደቂቃ አይቶ ለጋብቻ የሚሆን የጠባይ ምስክር እንደ መስጠት ነው። ራዳሩ የሚልከው ደግሞ ብቸኛ ሞገድ አይደለም፤ በአንዲት ትንፋሽ የድግግሞሽ ጭፍራ ነው የሚለቀው። ስለዚህ ልጅቱ ለኮምፒውተሩ የሽፋኑን ጠባይ በየድግግሞሹ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ መንገር ነበረባት። ሞዴል የሚሉት ይኼን ነው።

ጠባዩን የሚለካው ጨምርበት ነው። ፕላስቲኩን ሞገድ ለሚላክበት የናስ ቱቦ አፍ ፀጉር እንኳ እንዳታስገባ አድርጎ ቆረጠው፣ አደረቀው፣ ሞገድ ላከበት። ሁለት መስመር ወጣ። አንደኛው ሽፋኑ ሞገዱን ምን ያህል እንደሚያዘገይ፣ ሁለተኛው ምን ያህል እንደሚጠጣ የሚናገር። በሁለተኛው ላይ፣ ልኬቱ ሊያልቅ አካባቢ፣ ጉብታ አለ። ደስ አላለውም። ሌላ ናሙና ቆረጠ፤ ጉብታው አለ። ሦስተኛ ቆረጠ፤ ጉብታው እግሩን አንፈራጦ ተቀምጧል። ሦስተኛዋን ናሙና ከወረቀቱ ጋር ይዞ ፎቅ ወጣና፣ እዚህ ጋ ይጠጣል፣ ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ አላት። እሷም ናሙናዋን መሳቢያዋ ውስጥ ከትታ ቁጥሩን ጻፈችው።

ሲሙሌሽኑ፣ ራዳሩ በኮምፒውተር ውስጥ የሚሞከርበት፣ መጀመሪያ ደህና ሄደ። ሞገዱ ከራዳሩ ወጣ፣ ሽፋኑን ነካ፣ ገሚሱ ተመለሰ፣ ገሚሱ አለፈ። ከዚያ ሁሉም ጸጥ ማለት ሲገባው ሽፋኑ ብቻውን ማጉረምረም ጀመረ። አንድ ሲሰጡት ሁለት ይመልሳል፣ ሁለት ሲሰጡት አራት። ቁጥሩ አሃዝ በአሃዝ ላይ እየደረበ ስክሪኑን ሞላው፤ ትንሽ ቢቆይ ጠረጴዛው ላይ ፈሶ የሰው ልብስ ያበላሽ ነበር። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ያለውን ቁጥር ሁሉ ጨርሶ «ቁጥር አይደለም» ብሎ ጻፈና ተኛ።

ምክንያቱን ልጅቱ ታውቀዋለች። ኮምፒውተሩ የተለካውን ነጥብ ሁሉ አይሸከምም፤ በነጥቦቹ ላይ የራሱን ለስላሳ መስመር ይዘረጋል። ጉብታው ያለው ልኬቱ ከሚያልቅበት ጫፍ አጠገብ ነው። መስመሩ ጉብታውን ለመውጣት ሲንደረደር ከጫፉ ማዶ፣ ማንም ካልለካበት ገደል፣ ከዜሮ በታች ይወድቃል። ከዜሮ በታች መጠጣት ደግሞ መትፋት ነው፤ ያውም ያልዋጡትን። መድኃኒቱ ልኬቱን ከጫፉ አሻግሮ መቀጠል ነበር። ለዚያ የሚሆነው መሣሪያ ግን ያለው ሌላ ተቋም፣ ወረፋውም ስድስት ሳምንት።

አለቃው ስድስት ሳምንት የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ሐሙስ ደንበኛው ይመጣል አለ፤ ሐሙስ ሲሙሌሽኑ ቆሞ ካልጠበቀን ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ እሷም መመሪያ መጽሐፍ ወደሚጻፍበት ክፍል ትወርዳለች፣ «ከመክፈትዎ በፊት ይንቀሉ» እያለች ትጽፋለች። ይህን ያለው በሰው ፊት ነው። ልጅቱ ምሳ ሰዓት ላይ አጎቷ ፊት ተቀምጣ ሹካዋን ሳታነሳ ሁሉንም ነገረችው። ጉብታውን እንዲሁ ቆርጣ እንዳትጥለው እንኳ ሁለቱ መስመሮች መንትያ ናቸው፤ አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው «ይማርህ» ይላል። ሽፋኑ አንድ ቦታ ብዙ የሚጠጣ ከሆነ ማዘግየቱም እዚያው አካባቢ መታጠፍ አለበት። አንዱን ነክቶ ሌላውን የተወ ሰው፣ ሳይጠይቁት የሚመልስ፣ ሞገድ ሳይነካው የሚንቀጠቀጥ ፕላስቲክ ፈጠረ ማለት ነው፤ እሱም ወዲያው ይታወቅበታል። ይህን የነገረችው ብሶቷን ለመወጣት ነበር። እሱ ግን ሳይታወቀው እንደ ተማሪ አዳመጠ።

ሰውዬው ሃምሳ ዓመት ውሸቱን በነጻ ሲያድል ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረለትም። አሁን አንዲት ውሸት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ተገኘላት። ማክሰኞ ከሰዓት በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ጉብታውን እንደ አናጢ ላገው። መንትያውንም አልረሳ፤ የታጠፈውን አቃንቶ ለወንድሙ አስመሰለው። ከዚያ የተዋጣለት ውሸታም የሚያውቀውን አወቀና፣ ነውር የሌለው ነገር ይጠረጠራል ብሎ እዚህም እዚያም የእጅ መንቀጥቀጥ የሚመስል ትንሽ ጭረት ጣል ጣል አደረገበት። ሲጨርስ ራቅ ብሎ አየው። ደስ አላለውም። በዕድሜው ከዚህ ያማረ ውሸት አልሠራም፣ ደስ ያላለውም ውሸት ይሄ ብቻ ነበር።

ፎቅ ወጥቶ ነገሩ እርጥበት ነው አላት። ናሙናዎቹ ውሃ አዝለው ኖሯል፤ ሁለት ቀን ማድረቂያ ውስጥ አስቀመጥኳቸው፣ ጉብታው ጠፋ።

ልጅቱ ወረቀቱን ተቀበለች። እንደ ገበያ እንቁላል አላገላበጠችውም።

«ለክተኸው ነው፣ ጋሼ?»

«ለክቼው ነው።»

ሲሙሌሽኑ እንደ ረጋ ወተት ጸጥ አለ። ሐሙስ ደንበኛው መጣ፣ በስክሪኑ ላይ ራዳሩ በጭጋግ ውስጥ መቶ ሃምሳ ሜትር ሲያይ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አራት መቶ ሽፋን አዘዘ። ሪፖርቱ ላይ «የቁሱ ጠባይ በልኬት የተረጋገጠ» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ሥር ልጅቱ ፈረመች። በሁለተኛው ሳምንት የቡድን መሪ ተባለች፤ በሯ ላይ ስሟን የያዘ ሰሌዳ ተለጠፈ። አለቃው በሰው ፊት እንዳዋረዳት በሰው ፊት አመሰገናት። ጨምርበትም አጨበጨበ፣ እጁ እስኪቀላ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጨምርበት ግን ወረቀቱ የያዘውን ሆዱ ሊይዝለት አልቻለም። ጥቂት ቀን ታገሠና፣ ሽፋኖቹ መመረት ሊጀምሩ ሲል፣ ነገሩን በጨዋታ አስመስሎ ጠየቃት። ያ ጉብታ የእውነት ቢሆን ኖሮ ራዳሩ ስንት ሜትር ያይ ነበር? እሷም ደስታ ላይ ስለነበረች በእርሳስ ጫፍ ጫር ጫር አደረገችና አርባ አለችው። የጫነ መኪና በጭጋግ በአርባ ሜትር አይቆምም፣ ደግነቱ እርጥበት ነበር ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። በሩን ዘጋና ነገራት። ከማክሰኞ ጀምሮ እስከ መንትያው መስመር፣ እስከ ጣል ጣል ያደረጋት ጭረት፣ አንዲት ነገር ሳይጨምር። ምናልባት በሕይወቱ ሳይጨምር የተናገረው ረጅሙ ነገር ያ ነው።

ልጅቱ ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ ሁለቱ መስመሮች የእውነት መንትያ መሆናቸውን የሚመረምረውን ፕሮግራም ከፈተች። የላገውን አስገባች፤ አለፈ። ጉብታ ያለበትን የመጀመሪያውን አስገባች፤ ወደቀ። ስክሪኑን ወደሱ አዞረችለት። እንግዲህ ውሸትህ ፈተናውን አልፏል፣ እውነትህ ወድቋል፣ የቱን ልመን አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር።

ጨምርበት ስምንተኛ ክፍልን ባያልፍም ይህን ያውቃል። የወደቀበትን ምክንያት አንቺው ነግረሽኛል አላት፤ ልኬቱ ጫፍ ላይ ስለተቆረጠ ነው፣ ጉብታው ስለሌለ አይደለም። ሦስተኛዋ ናሙና እዚያ መሳቢያሽ ውስጥ ናት። ቱቦው ታች አለ። ሃያ ደቂቃ ነው፤ እኔ አልነካውም፣ ራስሽ ለኪው።

መሳቢያውን አየችው። እጇን መያዣው ላይ አሳረፈች። ቢያንስ አሥር ሰው ሰላም የሚባልበት ያህል ጊዜ እጇ እዚያው ቆየ።

«ጋሼ፣ ካልለካሁ አላውቅም» አለች ቀስ ብላ። «ካላወቅኩ ደግሞ አልዋሸሁም።»

ይህ ሰው ትንኝ የመዘነ፣ ግድግዳ ያወፈረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ግን ከሱም ሆነ ከማንም አፍ ወጥቶ አልሰማም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሄጄ እናገራለሁ፣ የሚያባርሩትም እኔን ነው አላት። እሷም አዎ ያባርሩሃል አለችው፤ ከዚያ ዞረው ሳታመሳክር የጻፈችው ማን ናት ይላሉ። ለሃያ ዓመት ስላመንኩህ ነው ብዬ ልመልስላቸው? በዚያ ሰሌዳ ላይ ያለው ስም ያንተ አይደለም። እጇን ከመያዣው ላይ አነሳችና ኪቦርዱ ላይ አደረገችው፤ ሥራ አለብኝ ማለቷ ነበር።

ጨምርበት ታች ወርዶ ከመጣያው ውስጥ ቁርጥራጭ ፕላስቲክ ፈልጎ፣ አስተካክሎ ቆርጦ፣ ለካ። ጉብታው አለ። ወረቀቱን ይዞ በቀጥታ አለቃው ዘንድ ሄደ። አለቃው እስከ መጨረሻው አልሰማውም፤ መሃል ላይ መሳቅ ጀምሮ ነበርና። ማነው የለካው አለ። እኔ ነኝ። የመጀመሪያውንስ? እኔ ነኝ። የተላገውንስ? እሱንም እኔ። አለቃው ዓይኑን እየጠረገ፣ ታዲያ በአንድ ሰው አፍ ሦስት እውነት የት ይገኛል ብሎ ልጅቱን አስጠራት።

እሷም መጣች፤ ከበሩ አልገባችም። አለቃው ጠየቃት። አጎቷን አላየችውም፤ ወረቀቱንም አላየችው።

«ጨምርበትን አታውቁትም እንዴ?» አለች።

በዚያ ስም ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር። ፋብሪካው ሙሉ ሲጠራው አንድ ቀን እንኳ ከጆሮው አልፎ አያውቅም ነበር። ይሄኛው ግን አለፈ። ጨምርበት ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ከፎቅ ሲወርድ ደረጃውን ቆጠረው ይባላል፤ ሃያ ሁለት ነው፣ እሱም አልጨመረበትም።

ከዚያ በኋላ ለመለኪያ ክፍሉ ሌላ ሰው ተቀጠረ። ጨምርበት ዕድሜው ስለገፋ ዕረፍት ይሻለዋል ተብሎ ዕቃ የሚታሸግበት ክፍል ተላከ። እዚያ የሚታሸገውም ምን ሆነና፣ አራት መቶው ሽፋን ነው። እያንዳንዱን በስፖንጅ እየጠቀለለ በሳጥን ውስጥ አስቀመጠው። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ደግሞ በትልልቅ ፊደል የጻፈውን ወረቀት ጨመረ። «ይህ ሽፋን ጠጪ ነው። በጭጋግ እንዳታምኑት።» ሰበር ዜና ሆኖ የሚመለስ መስሎት ሁለት ሳምንት ስልክ ሲጮህ እየደነገጠ ጠበቀ። ከደንበኛው መሥሪያ ቤት አንድ ሰው ደወለ። ጋራዣቸው ውስጥ ያሉ መካኒኮች ወረቀቶቹን ሰብስበው ግድግዳ ላይ ለጥፈዋቸዋል፤ ማሸጊያ ክፍላችሁ ውስጥ ያለው ቀልደኛ ዕድሜውን ያርዝመው ብለዋል። አለቃው መልእክቱን ራሱ መጥቶ ነገረውና ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ወሩ እየሄደ ነው፤ ጭጋጉ የሚወርድበት ጊዜ ሩቅ አልነበረም። ጨምርበት ዝም አለ። በፋብሪካው ካፌ የሱ ጠረጴዛ ላይ ሰው ይሰበሰባል፣ ሻይ ያዛል፣ ይጠብቃል፣ ይበተናል። አንድ ቀን ዕቃ የሚጭነው የፎርክሊፍት ሹፌር ነገሩ አንገበገበው። ምላስህን ምን በላው፣ ከማሸጊያ ሳጥን ጋር አብረህ ላክኸው እንዴ፣ አንድ በለን እንጂ አለው። ሌሎቹም ወንበራቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ።

ጨምርበት ተረት አልነበረውም። ያለው እውነቱ ብቻ ነበር፤ እሱን ተናገረ። ከመጀመሪያው ጀምሮ። ዘበኛ ስለሆነው ፕላስቲክ ሲነግራቸው ፈገግ አሉ። ያልዋጠውን ስለተፋው ሽፋን ሲነግራቸው ሳቁ። ኮምፒውተሩ ቁጥር አልቆበት እንደተኛ ሲሰሙ አንደኛው ሻዩን ጭኑ ላይ አፈሰሰ። ጉብታውን እንደ አናጢ ልጎ፣ መንትያውን አስመስሎ፣ ውሸቱ ፈተና አልፎ እውነቱ ወደቀ የሚለው ጋ ሲደርስ ከሌላ ጠረጴዛ ሰው እየተነሳ ይመጣ ነበር። ይህን የመሰለ ከአፍህ ወጥቶ አያውቅም አሉት። እሱ እየተናገረ ፊታቸውን እያየ ነበር፤ አንድ እንኳ ሳቁን የሚያቆም ሰው እየፈለገ እንደሆነ ያስታውቅበት ነበር። አልተገኘም።

የፎርክሊፍቱ ሹፌር ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

«እሺ፣ ስትነግራትስ የእህትህ ልጅ ምን አደረገች?»

ልጅቱ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ከአለቃው ጋር ነበረች፣ ጀርባዋን ሰጥታ። ማንኪያዋ ብርጭቆው ውስጥ ቆመ። ጨምርበት ማጅራቷን አየ፤ ፀጉሯን ወደ ላይ ሰብስባዋለች። ሲጎነጉንላት ከዚያች ቦታ ነበር የሚጀምረው።

«ምን ታደርጋለች» አለ። «ናሙናውን ከመሳቢያ አውጥታ እዚያው ለካችው።»

ማንም አልሳቀም። የፎርክሊፍቱ ሹፌር ራሱን ነቀነቀና ብርጭቆውን አነሳ።

«እሱስ እውነት ነው» አለ፤ «እሷ እንደዚያ ናት።»